ሊቀመንበርነቱን ለሌላ ተዉት

«ጊዜ አለኝ፣ ማገልገል እፈልጋለሁ፣ የት ልግባ?» የሚሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሐኪሙም፣ ኡበር የሚነዳውም፣ ጡረታ የወጣውም ይጠይቀኛል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ ምን ትችላላችሁ? ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት ውስጥ ደስ ብሎት የሚቆየው የሚችለውን ሥራ ይዞ የገባ ነው። ስሜት ብቻ ይዞ የገባው ሦስት ወር ሳይሞላው ቴክስት መመለስ ያቆማል።

አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስን እዩ። ሳን ፍራንሲስኮ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ይሠሩ ነበር። በአገራቸው ቋንቋ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ቢፈልጉ አጡ። ኢትዮጵያ ሪድስ የሚባል ድርጅት አቋቁመው አገር ቤት ለልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፣ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍትም አስጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲኤንኤን ከዓመቱ ጀግኖች አንዱ አድርጎ መረጣቸው። ሆስፒታል ልገንባ አላሉም። የመጽሐፍ ሰው ናቸው፣ በመጽሐፍ ሠሩ።

እኔ አሜሪካ ስለምኖር የማውቀውን የአሜሪካውን ልንገራችሁ። ከሁሉም የምወደው ሥራ ለሽማግሌዎችና ለእናቶች የዜግነት ፈተና ማስጠናት ነው። ዕድሜው 55 ሞልቶ በግሪን ካርድ 15 ዓመት የኖረ፣ ወይም 50 ሞልቶ 20 ዓመት የኖረ ሰው የእንግሊዝኛው ፈተና ይቀርለታል። የታሪኩንና የመንግሥቱን ጥያቄ አስተርጓሚ ይዞ በአማርኛ ይመልሳል። 65 ሞልቶት 20 ዓመት የኖረ ደግሞ የሚያጠናው 20 ጥያቄ ብቻ ነው። ከነዚያ አሥር ይጠየቃል፣ ስድስት ከመለሰ አለፈ። ይህን ሳያውቁ «እንግሊዝኛ የት አውቄ» ብለው ስንት ዓመት የተቀመጡ አሉ። ልጆቻቸው ደግሞ ሁለት ሥራ ላይ ናቸው፣ ቁጭ ብሎ የሚያስጠናቸው የለም።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ይመጣሉ። ባንዲራው ላይ ለምን 50 ኮከብ ኖረ? ለእያንዳንዱ ክፍለ ግዛት አንድ ስለሆነ። አንዲት እናት ይህን ሲሰሙ ትንሽ አሰቡና «ደግ አድርገዋል፣ ማንም አላኮረፈም ማለት ነው» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ያችን ጥያቄ የረሳ የለም። ፈተናውን ባለፉ ቀን ደግሞ ስልክ ይደወላል። ምርቃቱ እስኪያልቅ ሥራ ማርፈድ ሊኖር ይችላል፣ አስቡበት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ማስጠናት ሌላ፣ «ይህን የኢሚግሬሽን ፎርም እንዲህ ብለህ ሙላ» ማለት ሌላ ነው። ሁለተኛው የሕግ ምክር ነው፣ ያለ ፈቃድ ከሰጣችሁት ራሳችሁንም ባለጉዳዩንም ገደል ትከታላችሁ። ሥራውን ከወደዳችሁት መንገድ አለው። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር እውቅና በሰጠው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት በኩል ጠበቃ ያልሆነ ሰውም የስደተኛን ጉዳይ ለመያዝ ፈቃድ ማግኘት ይችላል። ሥልጠና አለው፣ በየሦስት ዓመቱም ይታደሳል። አማርኛና ትግርኛ የሚችል ፈቃድ ያለው ሰው ስንት ቤት እንደሚያድን አስቡት።

ወደ ኮሚኒቲያችን እንምጣ። የምርጫ ቀን ለሊቀመንበርነት ሦስት ሰው ይወዳደራል። ገንዘብ ያዥ ሲባል ሁሉም ጫማውን ያያል። ምክሬ ገንዘብ ያዥነቱን ውሰዱ ነው። ዓመታዊ ገቢው አብዛኛውን ጊዜ ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ማኅበር በየዓመቱ ለፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤቱ 990ኤን የምትባል አጭር የኢንተርኔት ፎርም ይልካል። ቡናችሁ ሳይበርድ ትጨርሷታላችሁ። ሦስት ዓመት በተከታታይ ካልተላከች ግን ከግብር ነፃ የመሆን መብቱ በራሱ ጊዜ ይሰረዛል። በስንት ልፋት የቆመ ማኅበር በዚህች ፎርም ምክንያት ይወድቃል። ጭብጨባ የላትም፣ ማኅበሩን ያቆመው እጃችሁ መሆኑን ግን እናንተ ታውቁታላችሁ። የመድረክ ደስታ ማግስቱን አይደርስም። ይኸኛው ይቆያል።

ሒሳብ የሚቀናችሁ ከሆነ ቪታንም እዩት። የፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤቱ የሚደግፈው፣ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው ታክስ በነፃ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ሥልጠናው በነፃ ነው፣ ፈተና ግን አለው። ምዝገባውን ታክስ ሲደርስ ሳይሆን ቀደም ብላችሁ፣ ኖቬምበር አካባቢ ጠይቁ።

ምስጋና ፍለጋ አትግቡ። የረዳችሁት ሰው ሀበሻ ሱቅ ውስጥ አይቷችሁ እንዳላየ ሊያልፍ ይችላል። ችግሩን ስለምታውቁበት አፍሮ ይሆናል፣ ተዉት። መጀመሪያ ሰሞን ደግሞ ወንበር ያስደረድሯችኋል፣ ዲግሪያችሁን ማንም አይጠይቅም። ደርድሩ። በወር ሁለት ቅዳሜ ብላችሁ ከገባችሁ ሁለቱን አታጓድሉ፣ ሦስተኛውን ሲጠይቋችሁም አይሆንም በሉ። ለሁሉ እሺ የሚል ሰው መጨረሻው ከቤቱ ጋር መጣላት ነው።

ተቀጥራችሁ ልትሠሩ የምታስቡ፣ በተለይ ትምህርታችሁን በፌዴራል ብድር የጨረሳችሁ ወጣቶች፣ ደመወዙ ከግል ኩባንያ ብዙውን ጊዜ እንደሚያንስ አውቃችሁ ግቡ። ድርጅቱ 501ሲ3፣ ማለትም ከፌዴራል ግብር ነፃ የሆነ በጎ አድራጊ፣ ከሆነና በሙሉ ጊዜ ከሠራችሁ ግን፣ በተፈቀደ የአከፋፈል ዕቅድ 120 ወርኃዊ ክፍያ ስትጨርሱ የቀረው ብድር ሊሰረዝላችሁ ይችላል። ከመፈረማችሁ በፊት ድርጅቱ ለግብር መሥሪያ ቤቱ የሚያቀርበውን 990 የሚባል ዓመታዊ ሪፖርት ፈልጋችሁ አንብቡ፣ ለሕዝብ ክፍት ነው። ገንዘቡ በምን እንደሚወጣና ዋና ሥራ አስኪያጁ ስንት እንደሚከፈላቸው እዚያው ተጽፏል። «ስንት ትጠብቃለህ?» ሲሏችሁም ይጠቅማችኋል።