ድምፁ ይሰማኛል፤ ንግግሩ ግን አይለይልኝም

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 41 ሲሆን፣ ከወጣትነቴ ጀምሮ መርካቶ ምናለሽ ተራ ላሜራና በርሜል በመቀጥቀጥ እተዳደራለሁ። ቤት ውስጥ ከባለቤቴ ጋር ስነጋገር ምንም አይቸግረኝም፤ ሻይ ቤት ወይም ታክሲ ውስጥ ግን የሰው ድምፅ እየሰማሁ ምን እንዳለ አይገባኝም። ማታ ማታም ጆሮዬ ይጮኻል። ተመርምሬ «ደህና ነህ» ተባልኩ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የተነገረዎት ውጤት ስህተት ነው ባልልም፣ የጥያቄዎን ግማሽ ብቻ ይመልሳል። የተለመደው የመስማት ምርመራ የሚለካው ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ምን ያህል ደካማ ድምፅ እንደሚሰሙ እንጂ፣ በጫጫታ መካከል ንግግር መለየት መቻልዎን አይደለም።

በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት የድምፅን ንዝረት ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡ ሲሆኑ፣ በኃይለኛ ድምፅ ከሞቱ አይተኩም። ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በ4000 ሄርትዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) አካባቢ ካሉት ቀጫጭን ድምፆች ነው። እንደ «ስ»፣ «ፍ» እና «ት» ያሉት ድምፆች የሚለዩት በአብዛኛው በዚሁ ከፍ ባለ ክልል በመሆኑ፣ ዋጋ ሲጠሩልዎት «ሰባት» ይሁን «ሰባ» ሊምታታብዎት ይችላል። ከዚህም ሌላ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በጫጫታ የደነዘዘ ጆሮ መስማቱ ከተመለሰለት በኋላም ሕዋሳቱን ከነርቭ የሚያገናኙት መጋጠሚያዎች በአንዳንድ ክፍሎች እስከ ግማሽ ድረስ ጠፍተው እንደሚቀሩ አሳይቷል፤ በሰው ላይ ያለው ድርሻ ግን እስካሁን ያከራክራል።

ስለዚህ የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ቀርበው በመጀመሪያ ኩክ አለመኖሩ ይታይልዎት፤ ቀጥሎም ከ3000 እስከ 6000 ሄርትዝ ያለው ውጤት እንዲመረመር፣ ከተቻለም በጫጫታ ውስጥ ንግግር የመለየት ምርመራ እንዲደረግልዎት ይጠይቁ።

ከሁሉ በላይ ግን የቀረውን መስማትዎን ይጠብቁ። በ85 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ጫጫታ ውስጥ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መቆየት አይመከርም፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ስለሚቀንስ፣ በ100 ዴሲቤል የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። የላሜራ ቅጥቀጣ ከዚህም ሊያልፍ ይችላል። ብዙ የእጅ ባለሙያዎች ጥጥ ይወትፋሉ፤ ጥጥ የሚቀንሰው ድምፅ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የስፖንጅ ጆሮ መሰኪያ ይጠቀሙ፤ በጣትዎ አጥብቀው አቅጥነው ካድቦለቦሉት በኋላ፣ በሌላኛው እጅዎ ጆሮዎን ወደ ላይና ወደ ኋላ ስበው ያስገቡትና እስኪነፋ ድረስ ይዘው ይቆዩ። ሻይ ቤት ሲገቡ ጀርባዎን ለግድግዳ ሰጥተው፣ የሚያነጋግርዎትን ሰው ፊት እያዩ ይቀመጡ።

አንድ ጆሮዎ በድንገት መስማት ካቆመ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይሂዱ፤ ሕክምናው የሚጠቅመው ቶሎ ሲጀመር ነውና።