ብዙ ነጥብ አስቆጥሮ መሸነፍ ይቻላል? የመረብ ኳስ ጥያቄዎቻችሁ

በታይላንድ የተካሄደውን የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና ተከትሎ ከቀረቡልን ጥያቄዎች አምስቱ እነሆ። በሜዳ ላይ «ሴት» የሚባለውን የጨዋታ ክፍል፣ ስለ ሴቶች ስፖርት ስናወራ እንዳይምታታ፣ እዚህ «ዙር» ብለነዋል።

ጥያቄ፦ የፍጻሜውን ነጥብ ደምሬ ነበር፤ ቱርክ ትበልጣለች። ዋንጫውን ግን ጣሊያን ወሰደች። እንዴት ሊሆን ቻለ?

መልስ፦ ድምርዎ ልክ ነው። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ባንኮክ ላይ ጣሊያን ያሸነፈችው በዙር 3 ለ 2 ሲሆን፣ የየዙሩ ነጥብ 25 ለ 23፣ 13 ለ 25፣ 26 ለ 24፣ 19 ለ 25፣ 15 ለ 8 ነው። ሲደመር ጣሊያን 98፣ ቱርክ 105 ይሆናል። ነገር ግን በመረብ ኳስ ነጥብ ከዙር ወደ ዙር አይሸጋገርም። ቱርክ ሁለተኛውን ዙር በ12 ነጥብ ልዩነት ብታሸንፍም ያገኘችው አንድ ዙር ብቻ ነው። ጣሊያን ደግሞ አንደኛውንና ሦስተኛውን በሁለት በሁለት ነጥብ ብልጫ ወስዳ ሁለት ዙር ያዘች። አሰልጣኞች አንድ ዙር ከእጃቸው መውጣቱን ሲያዩ ዋና አጥቂያቸውን አሳርፈው ለቀጣዩ የሚያዘጋጁትም ለዚህ ነው።

ሁለት ለሁለት ሲሆኑ የሚደረገው አምስተኛው ዙር በ15 ነጥብ ያልቃል፤ አንዱ ቡድን 8 ሲደርስ ሜዳ ይቀያየራሉ። ስድስቱ ተጫዋቾች ቦታ እየተለዋወጡ ስለሚዞሩ፣ ሁሌም ደካማ የሆነ አንድ አቋም አለ፤ ብዙ ጊዜ አቀባይዋ (ኳሱን ለአጥቂዎች የምታነሳላቸው) ፊት መስመር ላይ ስትሆን ነው። ያኔ ከፊት የሚመቱት ሁለት ብቻ ይሆናሉ። በ25 ነጥብ ዙር ውስጥ እዚያ ላይ ተከታታይ ሦስት ነጥብ ቢጠፋ ይካካሳል። በ15 ነጥብ ዙር ግን ጊዜው አይበቃም።

ጣሊያኖች ይህን የሚሸፍኑት በድርብ ቅያሪ ነው። አቀባይዋ አሌሲያ ኦሮ ወደ ፊት መስመር ስትደርስ፣ በሰያፍ ከኋላዋ ያለችው አጥቂ ፓኦላ ኤጎኑ ወደ ኋላ መስመር ትገባለች። አሰልጣኙ ሁሊዮ ቬላስኮ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያስወጣሉ። በኤጎኑ ቦታ ተጠባባቂዋ አቀባይ ካርሎታ ካምቢ፣ በኦሮ ቦታ አጥቂዋ ኤካቴሪና አንትሮፖቫ ትገባለች። እንደገና ከፊት ሦስት አጥቂ ሆነ ማለት ነው። ዋጋ ግን አለው፤ ለማስገባት ሁለት፣ ለመመለስ ሁለት፣ በዙሩ ከተፈቀዱት 6 ቅያሪዎች አራቱ ያልቃሉ። ተጠባባቂ ጥንድ ጠንካራ ያልሆነለት ቡድን ይህን ቢሞክር ይጎዳል እንጂ አይጠቀምም።

ጥያቄ፦ በኔሽንስ ሊግ (በየዓመቱ በሚካሄደው የብሔራዊ ቡድኖች ውድድር) ሰንጠረዥ ላይ አነስተኛ ነጥብ ያለው ቡድን ከላይ ተቀምጦ አየሁ። ስህተት ነው?

መልስ፦ አይደለም። እዚያ ሰንጠረዡ መጀመሪያ የሚያየው የድል ብዛት ነው። ሰባት ጊዜ አሸንፎ 19 ነጥብ የያዘ፣ ስድስት ጊዜ አሸንፎ 21 ካለው ይቀድማል። ነጥብ የሚታየው ድሉ እኩል ሲሆን ነው፤ 3 ለ 0 ወይም 3 ለ 1 ላሸነፈ ሦስት፣ በ3 ለ 2 ላሸነፈ ሁለት፣ ለተሸናፊው አንድ። ከዚያ በኋላ የዙርና የነጥብ ንጽጽር ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2025 የተሳተፉት 18 ቡድኖች እያንዳንዳቸው 12 ጨዋታ አድርገው፣ አስተናጋጇን ፖላንድን ጨምሮ 8ቱ ወደ ማጠቃለያው አልፈዋል። 18ኛ የሆነችው ደቡብ ኮሪያ ከሊጉ ወርዳለች።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤት ሴቶች ቡድን አሰለጥናለሁ። ሊቤሯችን (የኋላ መስመር ተከላካይዋ) በጣት አነሳች፣ ጓደኛዋ መታች፣ ዳኛው ነፋብን። ምን አጠፋን?

መልስ፦ ልጅቷ የቆመችበትን ቦታ ያስታውሱ። ከመረቡ ሥር 3 ሜትር ርቀት ላይ የማጥቂያ መስመር አለ። ሊቤሮ ከዚያ መስመር ፊት ሆና ከራሷ በላይ በጣት ካቀበለች፣ ኳሷ ሙሉ በሙሉ ከመረቡ ከፍታ በላይ ሳለች ማንም ሊመታት አይችልም። ልብ ይበሉ፤ ጥፋቱ የሚቆጠረው በማቀበሉ ሳይሆን ጓደኛዋ ስትመታ ነው። ስለዚህ አጥቂዋ ይህን አይታ ኳሱን ከመረቡ አፍ ዝቅ ሲል ብታሳልፈው ኖሮ ጨዋታው ይቀጥል ነበር።

መስመሩ ራሱ የፊት ክልል አካል ስለሆነ የጫማ ጫፍ ከነካው አበቃ። ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው፣ ከመስመሩ ፊት ስትሆን በክንዷ ታንሳ፤ በክንድ የተነሳን ኳስ መምታት ክልክል አይደለም። ሁለተኛው፣ ከመስመሩ ኋላ ተነስታ ዘልላ በአየር ላይ ሳለች በጣት ታቀብል፤ የሚታየው የተነሳችበት እንጂ የምታርፍበት ቦታ አይደለም። በልምምድ ላይ መስመሩን በደማቅ ፕላስተር ምልክት አድርጋችሁ፣ ኳስ እየወረወራችሁላት በሩጫ ደርሳ ከኋላ እንድትነሳ በተደጋጋሚ አሠሯት። በጨዋታ ግለት እግር የሚመራው በልማድ ነው።

ሌላው ብዙ የሚያስነፋው ቅያሪዋ ነው። ሊቤሮ የምትተካው የኋላ መስመር ተጫዋችን ብቻ ነው፤ መግባትና መውጣቷ ከ6ቱ ቅያሪ አይቆጠርም፣ ነገር ግን በአንዱ ቅያሪዋና በቀጣዩ መካከል አንድ ሙሉ ኳስ መጫወት አለበት። ብሎክ (መረቡ ላይ ዘልሎ የተቃራኒን ምት መከልከል) አትሞክርም። ይህ ሁሉ ክልከላ እያለባት ጣሊያናዊቷ ሊቤሮ ሞኒካ ዴ ጄናሮ እ.ኤ.አ. የ2025 ኔሽንስ ሊግ ኮከብ ተጫዋች ተብላለች። ጥሩ ሊቤሮ ካላችሁ ዋጋዋን እወቁላት።

ጥያቄ፦ በዓለም ሻምፒዮናው ከአፍሪካ እነማን ነበሩ? እንዴትስ አለፉ?

መልስ፦ ኬንያ፣ ግብጽና ካሜሩን። ከ32ቱ ቦታ አንዱ ለአስተናጋጇ ታይላንድ፣ አንዱ ለቀድሞዋ ሻምፒዮን ሰርቢያ ነበር። ከአምስቱ አህጉራት የእ.ኤ.አ. 2023 ሻምፒዮናዎች ሦስት ሦስት ቡድን አለፈ፤ የቀሩት 15 በዓለም ደረጃ ገቡ። ሦስቱም አፍሪካውያን ከምድባቸው ማለፍ አልቻሉም፤ ሆኖም ጎረቤታችን ኬንያ ቬትናምን 3 ለ 0 ረታለች፤ እኛንም ደስ ያሰኘ ውጤት ነው።

ጥያቄ፦ ለሰፈራችን ሴቶች መረብ እየተከልን ነው። ልኩን ንገሩን።

መልስ፦ የመረቡ ከፍታ ለአዋቂ ሴቶች 2.24 ሜትር (ለወንዶች 2.43 ነው)። የሚለካው በሜዳው መሐል ነው። በሁለቱ የጎን መስመሮች ላይ ከፍታው እኩል ሆኖ ከመሐሉ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ መብለጥ የለበትም። ብዙ ሰው ምሰሶው ላይ 2.24 ለክቶ ይሄዳል፤ ገመዱ ሲላላ መሐሉ ይረግባል፣ ልጆቹም በዝቅተኛ መረብ ይለማመዳሉ። ስለዚህ ገመዱን አጥብቃችሁ፣ መሐሉን ለክታችሁ፣ ከጥቂት ጨዋታ በኋላ ደግማችሁ ለኩ። ሜዳው 18 በ9 ሜትር ሲሆን፣ ምሰሶዎቹ ከጎን መስመሩ ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር ርቀው ይተከሉ። ምሰሶውን በሽቦ ወጥራችሁ አትሰሩ፤ ኳስ የምታባርር ልጅ እግሯ ይጠለፋል።

የኳሱ ክብደት ከ260 እስከ 280 ግራም፣ የውስጥ ግፊቱ ከ0.30 እስከ 0.325 ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ከቆላ ወደ ደጋ የምትጓዙ ከሆነ ይህን አትርሱ፦ አዳማ ላይ በልኩ የተነፋ ኳስ አዲስ አበባ ሲደርስ የውጭው አየር ስለሚሳሳ ግፊቱ ከ0.05 በላይ ሊጨምር ይችላል፤ ከተፈቀደው ልክ አልፎ ይደነድናል፣ በክንድ ሲቀበሉትም እየነጠረ ያመልጣል። ሜዳው ላይ ስትደርሱ በመለኪያ አይታችሁ ትንሽ አስተንፍሱት። ወደ ቆላ ስትመለሱ ደግሞ ፓምፑን ይዛችሁ ሂዱ።