ከድሬ በባቡር ደርሶ መልስ ላሰብከው ወንድሜ፦ መጀመሪያ የእኔን ስማ

ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከአዲስ አበባ በሥራ ተዛውረህ ድሬ ከገባህ ሦስት ወር ሆኖሃል። ሁለት ልጆች አሉህ። ቅዳሜና እሁድ ቬንትሌተር ስር መተኛት ሰልችቷችኋል። «ድሬዳዋ የባቡር ከተማ አይደለች እንዴ? በባቡር ደርሶ መልስ የሚኬድበት ቦታ ጠቁሙኝ» ነው ያልከው። «አሪፍ ሐሳብ ነው፣ ሞክረው» የሚልህ ይበዛል። ወላሂ አንዳቸውም አልሞከሩትም። እኔ ሞክሬዋለሁ።

1. ባቡሩ ለገሃር አይደለም የሚቆመው። ለገሃር ከዚራ ሰፈር የምታየው የድሮው ጣቢያ ነው። አዲሱ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው ያለው። ለባጃጁ «ባቡር ጣቢያ» ብቻ ካልከው ለገሃር አውርዶህ ይሄዳል። የባለቤቴ የአክስት ልጅ ሻንጣዋን እየጎተተች እዚያ ደርሳ በር ስታንኳኳ ዘበኛው ምን አላት? «እህቴ፣ ይሄኛውማ ሄዷል።»

2. መታወቂያ ያዝ፣ ቀድመህ ድረስ። ይሄን ማንም ይነግርሃል።

3. የመመለሻውን ቀን አጣራ። መመለሻ መኖሩን አላልኩም፣ ቀኑን ነው ያልኩህ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ስለሆነ ከሥሩ ልንገርህ።

ሁለት ዓመት አልፎታል። ልጄ ያኔ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ባቡር ባቡር እያለ አላስቀምጥ አለን። የባለቤቴ እህት አዳማ አለች። ቅዳሜ ሄደን እዚያ አድረን እሁድ እንመለሳለን ብለን ተነሳን። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ፣ ጣቢያ ድረስ በፀሐይ ከምንከራተት ብዬ፣ ትኬት እናስቆርጣለን የሚል አንድ ቢሮ ገባሁ። ስሙን አልጠራም። ልጅቷ ስልኳ ላይ ናት፣ ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም።

«መመለሻ አለው?»

«አለው።»

አለቀ። መቼ እንደሆነ አልጠየቅኩም፣ እሷም አልነገረችኝም። የመሄጃውን ቆረጥኩ፣ የአገልግሎት ብላ የጨመረችውንም ከፈልኩ፣ የመመለሻውን እዚያው እቆርጣለሁ ብዬ ወጣሁ።

ባቡሩ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ እውነቱን ልናገር። ንጹህ ነው፣ ይቀዘቅዛል። ልጄ አፍንጫውን መስኮቱ ላይ ለጥፎ ግመል ሲቆጥር ሃያ ሦስት ላይ ሲደርስ ተሳሳተና እንደገና ከአንድ ጀመረ። ሁርሶን፣ ኤረርን፣ አፍደምን፣ ሚኤሶን በሜዳው ላይ ሽው ብለን አለፍን። እኔም ኮራሁ። ለባለቤቴ «አየሽ? አንቺ በመኪና ነበር ያልሽው» አልኳት። ይሄን ዓረፍተ ነገር እስካሁን ትመልስልኛለች።

እሁድ ጠዋት ሻንጣ ይዘን አዳማ ጣቢያ ደረስን። ዘበኛው ገና ከባጃጅ ሳንወርድ «ወዴት ናችሁ?» አለን። ድሬ አልነው። አየን፣ ልጁን አየው፣ ሻንጣውን አየው። «ዛሬ ወደ ድሬ የሚሄድ የለም። ማክሰኞ ነው።» ማክሰኞ! ሰኞ ጠዋት ሥራ አለኝ።

እዚህ ላይ አንተም ሌሎችም የምትሳሳቱት ነገር አለ። ይሄ ባቡር ለድሬ ሰው ሽርሽር ተብሎ የተሠራ አይደለም። ከአዲስ አበባ፣ ከለቡ ተነስቶ ጅቡቲ ናጋድ የሚደርስ፣ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ፣ ድንበር የሚሻገር ባቡር ነው። በ2010 መደበኛ ሥራ ሲጀምርም ትልቁ ሐሳብ ጭነት ነው፣ ወደብ ነው። ሕዝብ ማመላለሻው ቀን ቆጥሮ ነው የሚመጣው፣ ቀኑም ይቀያየራል። በየሰዓቱ የሚመላለስ፣ ያመለጠህ እንደሆነ የሚቀጥለውን የምትይዘው ዓይነት አይደለም። ጠዋት ወስዶ ማታ ይመልሰኛል ብለህ ካሰብክ መሀል መንገድ ላይ ትቀራለህ።

እኛስ? በመኪና መጣን። ከአዲስ አበባ የሚመጡት አውቶቡሶች ሞልተው ነው የሚያልፉት። አዋሽ ድረስ በአንዱ፣ ከአዋሽ ጭሮ በሌላ። ጭሮ መሸብንና አደርን። ሰኞ ከጭሮ ወደ ሂርና ያለውን ጠመዝማዛ ስንይዘው ልጄ የበላውን ሁሉ ጃኬቴ ላይ አወጣው። ባቡሩ በሜዳው ነው የሚሄደው፣ መኪናው ግን ጨርጨር ተራራ ላይ ይወጣል። ልዩነቱን ጃኬቴ ያውቀዋል። ቁልቢ ስንደርስ ባለቤቴ ከመኪናው ሳትወርድ፣ ወደ ገብርኤል ዞራ ተሳለች። ምን ብላ እንደተሳለች አልነገረችኝም። ከዚያ ወዲህ ግን ትኬት የምትቆርጠው እሷ ናት።

ወጪው ለሦስት ሰው የባቡሩን እጥፍ አለፈ። ሰኞዋ ከዓመት ፈቃዴ ተቆረጠች። ቢሮዋ ሄጄ ልጅቷን ስጠይቃት፣ አሁንም ስልኳ ላይ ናት፣ «አለው ነው ያልኩህ፣ እሁድ አለው አላልኩህም» አለችኝ። ልክ ናት። የሚያናድደኝም ልክ መሆኗ ነው።

4. በድሮው ባቡር ሆኖ ቢሆን ሌላ መልስ ነበር የምሰጥህ። አጎቴ ምድር ባቡር ሠርቶ ነው ጡረታ የወጣው። ልጅ ሆኜ አክስቴን ቁርጥማቷ ሲነሳባት ኤረር ጎታ ፍል ውሃ ይዘናት የምንሄደው በዚያ ባቡር ነበር። ይዘገያል፣ ይንገጫገጫል፣ የኮንትሮባንድ ነጋዴዎቹ እግራችን ስር ጨርቅ ይጎዘጉዛሉ። ግን በየጣቢያው ይቆማል። ኤረር ላይ ብርቱካን በመስኮት ይገባል፣ ብሩ በመስኮት ይወጣል። አንዳንዴ ብሩ ሳይወጣ ባቡሩ ይንቀሳቀስና ልጁ ከጎን እየሮጠ ይሰድበናል። ፍል ውሃው ዛሬም አለ፣ መሄድ ካማረህ በመኪና ነው። ልጆችህ ግን ባቡር ማየት ብቻ ከሆነ የፈለጉት የድሮውን ጣቢያ አሳያቸው። ሐዲዱ ድሬ የደረሰው በ1895 ነው፣ ተራራው ሐረርን ስላራቃት ነው ከተማችን እዚህ ሜዳ ላይ የበቀለችው። አዲስ አበባ የገባው ከዚያ በኋላ በ1909 ነው፣ ስለዚህ በባቡር እኛ እንቀድማችኋለን። በሩ ላይ በትህትና ፈቃድ ጠይቅ። ካስገቡህ የድሮዎቹን ባቡሮችና የጥገናውን ቦታ ታያለህ። ፈረንሳይኛ ጣል የሚያደርግ ሽማግሌ ካገኘህ ቁጭ ብለህ ስማው፣ ሻይ ጋብዘው።

5. ለደርሶ መልስ እኛ አሁን ሐረር ነው የምንሄደው። ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። በጠዋት፣ አንድ ሰዓት ሳይሆን፣ መናኸሪያ ድረስ። ሚኒባሱ ሳይሞላ አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ «ሁለት ሰው ነው የቀረው» ሲሉህ አትመን፣ ገብተህ ቁጠር። የደንገጎን ዳገት ስትወጣ ጆሮህ ይደፈናል፣ ለልጆቹ ማስቲካ ስጣቸው። አዴሌን፣ ሐረማያን፣ ጫት የሚጫንባትን አወዳይን ታልፋለህ። ሐረማያ ላይ ሐይቁን አሳያቸው። ደርቆ ከብት ሲሰማራበት አይቼዋለሁ፣ ከዚያ ውሃው ተመለሰ።

ሐረር ስትደርስ ቁርስ ፈጢራ ብላ። ከዚያ በቀጥታ ጀጎል፣ በግንብ የታጠረው የድሮው ከተማ ግባ። አስጎብኚ ነኝ የሚል ይከተልሃል። ከፈለግከው ዋጋውን በሩ ላይ ጨርስ፣ ውስጥ ገብተህ አትደራደር። መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ የልብስ ሰፊዎቹ ሲንጀር ሲንኳኳ ልጆቹ ይወዱታል። በጠባቦቹ መንገዶች ብትጠፋም ግንቡን ይዘህ ከሄድክ አንዱ በር ጋ ትወጣለህ። ልጆቹ «ሰው ጅብ ሲያበላ እንይ» ማለታቸው አይቀርም። ጅቡ የሚመጣው ሲመሽ ነው። ያን ዕለት ሐረር እደሩ፣ ወይም ይቅርባችሁ። በጨለማ ደንገጎን መውረድ እኔ ለልጆቼ አላደርገውም። እኛ አሥር ሰዓት ላይ ሐልዋችንን ገዝተን መናኸሪያ ነን። ባለቤቴ ገና ጠዋት ስንወርድ ሹፌሩን ትጠይቀዋለች፦ «የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት ነው? ዛሬ ነው የምልህ፣ ዛሬ።»

ደግሞ ሹራብ ያዙ። የድሬን ሙቀት ለምዳችሁ ከወጣችሁ ሐረር ላይ ትንቀጠቀጣላችሁ።