ለገጠር ልማት መረብ ወጣት ባለሙያዎች

የተከበራችሁ ወጣት የሙያ ባልደረቦቼ፣

ከመካከላችሁ አንዳንዶቻችሁ በብሔራዊ የገጠር ልማት መረብ ጽሕፈት ቤት ተቀጥራችሁ፣ ሌሎቻችሁም ከእንዲህ ያለ ተቋም ጋር ተባብራችሁ እንደምትሠሩ በማሰብ ይህን ምክር እጽፍላችኋለሁ። የመረብ ጽሕፈት ቤት መንገድ አይሠራም፣ ምንጭ አያጎለብትም፣ ለአርሶ አደሩም ብድር አይሰጥም፤ ሥራው እነዚህን የሚሠሩትን እርስ በርስ ማገናኘት ነው። ብዙ ወጣቶች ይህን ሲሰሙ ቅር እንደሚላቸው አውቃለሁ። እኔ ግን ማገናኘት ትዕግሥትና ዕውቀት የሚጠይቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው ባይ ነኝ።

ሐሳቡ በሕግ ተደንግጎ የሚገኘው በአውሮፓ ኅብረት በመሆኑ ምሳሌዬን ከዚያ እወስዳለሁ። የአውሮፓ ኮሚሽን ሊደር የተባለውን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1991 ሲጀምር፣ መነሻው ለአንድ ገጠራማ አካባቢ የሚበጀውን አብልጠው የሚያውቁት እዚያው የሚኖሩት ናቸው የሚል እምነት ነበር። በዚህም መሠረት የመንግሥት አካላት፣ ማኅበራትና የግል ሥራ ባለቤቶች አብረው የሚወስኑባቸው የአካባቢ የተግባር ቡድኖች ተቋቋሙ። ከ2014 እስከ 2020 ለነበረው ዘመን የወጣው ሕግ፣ የመንግሥት አካላትም ሆኑ ሌላ አንድ ወገን ከውሳኔው ድምፅ ከ49 በመቶ በላይ እንዳይዙ ከልክሏል። ቁጥሩ ደረቅ ቢመስልም፣ የከተማው ሹም ያሰበውን ለማስወሰን የዳቦ ቤቱን ባለቤትና የሴቶች ማኅበሩን ተወካይ ማሳመን ግድ ይለዋል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ቡድን በየጥጉ ብቻውን ሲደክም፣ አንዱ ከዓመታት በፊት የፈታውን ችግር ሌላው እንደ አዲስ ይጀምረዋል። በ2005 የወጣው የኅብረቱ የገጠር ልማት ደንብ እያንዳንዱ አባል አገር ብሔራዊ የገጠር መረብ እንዲያቋቁም ያስገደደውም ለዚህ ነው። ከ2023 ጀምሮ እነዚህ መረቦች የጋራ የግብርና ፖሊሲ መረብ ሆነው፣ ኃላፊነታቸው ከገጠር ልማት አልፎ መላውን ፖሊሲ እንዲሸፍን ተደርጓል።

ትብብር በተግባር ምን እንደሚመስል ጠጋ ብላችሁ እዩት። በሁለት ክልሎች የሚገኙ ሁለት ቡድኖች፣ ሁለቱንም አካባቢ የሚያቋርጥ የእግረኛ ጎብኚዎች መንገድ በጋራ ሊያዘጋጁ ተስማሙ እንበል። እንደ ጣሊያንና ጀርመን ሥራው በአብዛኛው በክልል ደረጃ በሚመራባቸው አገሮች፣ የአንዱ ክልል የማመልከቻ ጊዜ ሲከፈት የሌላው ተዘግቶ ሊቆይ ይችላል፤ አንዱ የነዋሪውን ነፃ ጉልበት እንደ መዋጮ ሲቆጥር ሌላው ደረሰኝ ካላየሁ አልቀበልም ሊል ይችላል፤ የጋራው ካርታ ማሳተሚያ በማን ሒሳብ እንደሚወራረድም የሚያውቅ የለም። ሰዎቹ ተግባብተው ሳለ ሥራው በወረቀት የሚሞተው እንዲህ ነው። የመረቡ ባለሙያ ሙያ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ የሁለቱን ክልሎች ደንብ በአንድ ገጽ ጎን ለጎን ያሰፍራል፣ ማመልከቻው ከመግባቱ አስቀድሞ ሁለቱን ገንዘብ ፈቃጆች በአንድ ጠረጴዛ ያስቀምጣል፣ ማን ምን እንደሚከፍልና ማን ከመካከል ቢወጣ ምን እንደሚሆን የሚገልጽ የስምምነት ረቂቅ ያቀርባል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ በገንዘቡ ላይ የማዘዝ ሥልጣን የለውም፤ ስለዚህ መታመን አለበት።

የልምድ ልውውጥ ጉብኝት ስታዘጋጁ ሊቀ መናብርትን ብቻ አትጋብዙ። ሊቀ መንበሩ ንግግር ሰምቶ ይመለሳል፤ የሒሳብ ሠራተኛዋ ግን ከአስተናጋጁ ቡድን ሒሳብ ሠራተኛ ጋር ጥግ ይዛ ሰነዱ እንዴት እንደሚደራጅ ትጠይቃለች፣ ቡድኑም ከዚያ የሚያተርፈው ይበልጣል። አስተናጋጆቹም ያልተሳካላቸውን እንዲናገሩ አስቀድማችሁ ለምኗቸው። (የመረብ መጽሔቶች ፈገግ ባሉ ሰዎች ፎቶግራፍ መሞላታቸው ለእኔ ዘወትር ያሳስበኛል።)

የብዙዎቹ መረቦች ጽሕፈት ቤት በግብርና ሚኒስቴር ውስጥ ወይም ለሚኒስቴሩ ተጠሪ በሆነ ተቋም ሥር ስለሚገኝ፣ ወደ ታች መመሪያ ማስተላለፊያ ብቻ ሆኖ የመቅረት አደጋ አለበት። ከገጠር የምትሰሙትን ቅሬታ ሰብስባችሁ፣ ምን ያህል ቡድኖች እንደሚጋሩትና በየትኛው የደንብ አንቀጽ ምክንያት እንደመጣ አስረድታችሁ በጽሑፍ ወደ ላይ አቅርቡ። በስሜት የቀረበ አቤቱታ በቀላሉ ወደ ጎን ይባላል፤ አንቀጹን ጠቅሶ ማሻሻያ የሚያቀርብ ጽሑፍ ግን ቢያንስ መልስ ይጠይቃል። ሥራችሁ ሲመዘንም የስብሰባ ተሳታፊዎችን ቁጥር ብቻ አታቅርቡ፤ ከስብሰባው ወራት በኋላ ማን ለማን፣ እናንተ ሳታስታውሱት፣ ስልክ እንደደወለ አጣሩ።

በመጨረሻ ስለ ርክክብ ላሳስባችሁ። የኅብረቱ በጀት በየ7 ዓመቱ ይታደሳል፤ ነገር ግን ከ2020 በኋላ እንደታየው አዲሱ ዘመን ሲዘገይ 2021 እና 2022 በመሸጋገሪያ ደንብ ታልፈዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ውላቸው የሚያልቅባቸው የቡድን ሠራተኞች ሌላ ሥራ ፈልገው ይሄዳሉ፣ የሚያውቁትም አብሯቸው ይሄዳል። ስለዚህ የየቡድኑን ተጠሪ፣ የተሞከሩ የትብብር ፕሮጀክቶችንና የተቋረጡበትን ምክንያት ከግል ማስታወሻችሁ አውጥታችሁ ተተኪያችሁ በሚያገኘው የጋራ መዝገብ አስፍሩ፤ ይህንንም ለመልቀቅ ስትነሡ ሳይሆን ሥራ ከጀመራችሁበት ወር አንሥቶ አድርጉት።