«አልቃለች» ተብዬ ሄጄ፦ ስለ አንዲት የሸራ ጀልባ ጥያቄና መልስ ከኮምቦልቻ

ተወልጄ ያደግሁት ኮምቦልቻ ነው። ሙያ የጀመርኩት በጭነት መኪና ጋራዥ ሲሆን፣ ኋላ በመርከብ ሞተር ክፍል 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ከአንድ የቀድሞ ባልደረባዬ ጋር 11 ሜትር የምትረዝም አሮጌ የሸራ ጀልባ በጋራ ገዝተን፣ በግሪክ፣ በኤጅያን ባሕር ዳርቻ ባለ የጀልባ ጥገና ግቢ ትተናት ነበር። ግንቦት ላይ «በሳምንት ውስጥ ውሃ ትገባለች» ተባልኩና ሄድኩ። አልገባችም። ወሬው ከእኔ ቀድሞ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ስለደረሰ፣ የተጠየቅሁትን ሁሉ እዚህ እመልሳለሁ።

ጋሼ፣ ሲደርሱ ምን አገኙ? (ከደሴ ፒያሳ)

መጀመሪያ ያየሁት ምሰሶዋን ነው፤ መቆም ሲገባው በእንጨት ርብራብ ላይ ተጋድሟል። መሰላል ወጥቼ ወደ ውስጥ ገባሁ። የወለሉ ሳንቃ ተነቅሎ ተደርድሯል፤ ሞተሩ ከመቀመጫው ተፈትቶ በሰንሰለት ተንጠልጥሏል፤ በሸራው ከረጢት ላይ የግቢው ድመት ወልዳለች። ይህን ሁሉ ቻልኩት። ያናደደኝ አንድ 17 ቁጥር ቁልፍ ነው። በጥቅምት ተሰናብቼ ስወጣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር፣ ቫልቩ አጠገብ ረስቼው ነበር። በግንቦት እዚያው ቦታው ላይ አቧራ ለብሶ ቆየኝ። ሰባት ወር ሙሉ ማንም እጁን ወደዚያ አላስገባም ማለት ነው።

ሳይሳፈሩ ማወቅ አይቻልም ነበር? ፎቶ አልላኩልዎትም?

ልከዋል እንጂ! የተላከልኝ ፎቶ ሁሉ ግን ከውጭ የተነሣ ነበር። አዲስ ቀለም ደግሞ ያምራል። እኔም መካኒክ ሆኜ ሳለሁ፣ ቀለም የተቀባ ካቢን አይቶ «መኪናዬ ደረሰች» እንደሚል ባለንብረት ተታለልኩ።

ጥፋቴ «መቼ ያልቃል?» እያልኩ መጠየቄ ነው። ለዚህ ጥያቄ ደስ የሚያሰኝ መልስ ለመስጠት ምንም ሥራ መሥራት አያስፈልግም። አሁን የምጠይቀው ሌላ ነው፦ በዚህ ሳምንት ምን ተገጠመ? ያልመጣው ዕቃ የታዘዘበት ደረሰኝ የታለ? ማን ማንን እየጠበቀ ነው? የመጨረሻው ትልቁ ነው። በእኛ ጀልባ ላይ ወለል የሚመልሰው አናጢ ሞተሩ እስኪገባ ይጠብቃል፤ የሞተሩ ሰው አዲስ የንዝረት ጎማ ይጠብቃል፤ ጎማውን ግን ማንም አላዘዘም። እያንዳንዱን ለብቻው ብትጠይቁት «የእኔ ሥራ የሁለት ቀን ነው» ይላችኋል፤ አልዋሸም።

ፎቶም ስትጠይቁ የምትፈልጉትን ጥግ ራሳችሁ ምረጡ። «ከማጠቢያው ሥር ያለውን ቫልቭ አንሣልኝ» ብል ኖሮ ቁልፌን አያት ነበር፤ የአውሮፕላን ቲኬቱንም አልቆርጥም ነበር።

እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ የጭነት መኪና አለኝ። የእኛ ጋራዥ «ነገ ና» ሲል ደላላና ሻይ ቤት ያዘገየዋል። እነሱን ምን ያዘገያቸዋል?

ወንድሜ፣ ሻይ ቤትስ እዚያም አለ። ዋናው ምክንያት ግን ሲከፈት የሚገኘው ነገር ነው። አንድ ቀን ጀልባዋ ስትንሳፈፍ ውሃው ከሚደርስበት በታች ቀፎውን (የጀልባዋን ውጫዊ አካል) በስቶ የገባውን አሮጌ ቫልቭ በመዶሻ እጀታ ነካ አደረግሁት። ጫፉ እንደ ብስኩት ተሸረፈ፤ ስብራቱ ውስጡ ሮዝ ነበር። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነው፤ ጨው ውሃ ዚንኩን ቀስ በቀስ ያወጣውና መዳቡ ብቻውን ስፖንጅ ሆኖ ይቀራል። ያ ሮዝ ቀለም እሱ ነው። በዚህ ሁኔታ ባሕር ብንገባ፣ ቫልቩ ሲሰበር ጀልባዋ በቆመችበት ትሰጥማለች። አንዱ እንዲህ ከሆነ የቀሩትን አምስቱንም መቀየር ግድ ሆነ፤ በዕቅዱ ውስጥ ግን አልነበሩም።

የአየሩ ነገር አለ። ኢፖክሲ የሚባለው የቀፎ መጠገኛ ማጣበቂያ በአብዛኛው ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በደንብ አይደርቅም፤ ጤዛ ባረፈበት ላይም አይያዝም። በክረምታቸው የሚሠራበት ቀን ጥቂት ነው። ምሰሶውን ወጥረው የሚይዙት የብረት ገመዶች ደግሞ በየ10 እስከ 15 ዓመቱ ይቀየራሉ፤ ያለዚያ ብዙ የኢንሹራንስ ድርጅቶች ፊት ይነሷችኋል። ገመዱ በልክ የሚታዘዝ ስለሆነ ከገበያ አንሥቶ መግጠም አይቻልም።

እውነቱን ለመናገር የእኛም እጅ አለበት። በጥር «እግረ መንገዳችሁን መስኮቶቹንም አውጥታችሁ አሽጉልን» ብለን ጽፈናል። ያቺ «እግረ መንገዳችሁን» ስንት ሳምንት እንደበላች አሁን ነው የገባኝ።

እቱ ነኝ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር። የት አደርክ? ምን በላህ?

እዚያው ጀልባዋ ውስጥ፣ እቱ፣ ከመሬት ሦስት ሜትር ከፍ ብላ በድጋፍ በቆመችው ላይ። የማጠቢያው ፍሳሽ ታች በቆመ ሰው ራስ ላይ ስለሚወርድ ውሃ በባልዲ ይወርዳል፤ ለሽንት ቤት በሌሊት መሰላል ይወረዳል። ጀበና ይዤ ሄጄ ነበርና ከቀፎው ጥላ ሥር ቡና አፈላሁ። ጭሱን ያየ ሠራተኛ ሁሉ መጣ። ለአቦል ሁሉም «ሊያልቅ ነው» አሉኝ። በቶና ዝም አሉ። በበረካ ገመድ የሚገጥመው ሰው ሽቦው ገና እንዳልታዘዘ ነገረኝ። ከሥራ አስኪያጁ በሰባት ወር ያላገኘሁትን እውነት በሦስት ስኒ አገኘሁት።

ቪዛስ?

እኛን ከአውሮፓዊ ባለ ጀልባ የሚለየን ይህ ነው። እሱ ከዘገየ ይበሳጫል፤ እኛ ከዘገየ እንወጣለን። የሸንገን የአጭር ጊዜ ቪዛ ጣሪያው በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው፤ የገባችሁበትም የወጣችሁበትም ቀን ይቆጠራል። ቪዛው ላይ የተጻፈው ቀን ደግሞ ከዚያ ሊያንስ ይችላል፤ የእኔ 45 ነበር። ማራዘሚያ የሚሰጠው ከአቅም በላይ ለሆነ ወይም ለከባድ የግል ችግር ነው፤ ያላለቀ ጀልባ እዚያ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ቀናችሁን ለጥገና ሳይሆን ለመንሳፈፍ አስቀምጡት፤ ጀልባዋ ውሃ ሳትነካ አትሂዱ። ነሐሴንም እርሱት። የእነሱ የእመቤታችን በዓል ኦገስት 15 ነው፤ በዚያ ሰሞን ቪዳ የሚያጠብቅላችሁ አታገኙም።

ገንዘቡን መከልከል ነበረብህ። ለምን አልተጣላህም?

ክሬኑ የማን ነው? ጀልባዋን የሚያነሣው ብቸኛ ማሽን የእነሱ ሆኖ ሳለ መጮህ ትርፍ የለውም። ያደረግሁት ይህ ነው፦ ለተገጠመ ብቻ ከፈልኩ፤ የመጨረሻውን ክፍያ ጀልባዋ ውሃ ላይ አንድ ሌሊት አድራ ፍሳሽ እንደሌላት እስኪታይ ያዝኩ። ከመጀመሪያው ውል ላይ ማስገባት ነበረብኝ፤ ኋላ ላይ ለማስገባት ሁለት ቀን ተከራክሬያለሁ።

ሐይቅ ላይ ብታመጣት አይሻልም? እስጢፋኖስን እየዞርክ ትኖራለህ።

ጨው ስለሌለው ቫልቮቼ ዕድሜ ልካቸውን ይኖሩ ነበር። ግን 11 ሜትር ጀልባ በየትኛው መኪና ሐረጎን ይወጣል? ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አላት፤ የጎደላት ውሃው ብቻ ነው።

እና መጨረሻው ምን ሆነ?

ቀኔ አልቆ በሰኔ አጋማሽ ተመለስኩ። ባልደረባዬ ሄዶ ቀጠለ፤ በሐምሌ ውሃ ገባች። እኔ ኮምቦልቻ ቤቴ ተቀምጬ ነበር፤ ቪዲዮ ላከልኝ፤ ባንዲራ፣ ጭብጨባ፣ የሚያብረቀርቅ ቀፎ። «ይህን ተወው» አልኩት፤ «በስድስቱም ቫልቮች ሥር ሶፍት አንጥፈህ፣ ጠዋት እያንዳንዱን አንሣልኝ።» በማግስቱ ስድስት ፎቶ መጣ። አምስቱ ደረቅ ነበሩ። ስድስተኛው ላይ የስሙኒ ያህል እርጥበት አለ፤ ከማጠቢያው ሥር ያለው ነው። የመጨረሻው ክፍያ እስካሁን እኔ ዘንድ ነው።