ልጄን የሚጥላት በእኔ ኃጢአት ነው? የጂን (የዘረመል) ሕክምናውስ ይፈቀዳል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው አሜሪካ ነው። ልጄ 4 ዓመቷ ነው። በ6 ወሯ ትኩሳት ይዟት የጀመራት የሚጥል በሽታ እስካሁን አልለቀቃትም። ድራቬት ሲንድሮም ነው፣ ከጂን ነው አሉን። ሐኪሞቹ አዲስ የጂን መድኃኒት ሙከራ ውስጥ ትግባ ይላሉ። ቤተሰብ ደግሞ «መንፈስ ነው፣ መድኃኒቱን ተዪና ጸበል ውሰጃት» ይለኛል። በእኔ ኃጢአት ይሆን? የእግዚአብሔርን ሥራ መንካትስ አይሆንም?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከጥያቄሽ ሁሉ የከበደኝ «በእኔ ኃጢአት ይሆን» ያልሽው ነው። ዮሐንስ 9ን ዛሬ ማታ አንብቢ። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ይህንኑ ጠየቁ፤ ጌታም እርሱም ወላጆቹም አልበደሉም አላቸው። ደግሞ ድራቬት ባለባቸው በአብዛኞቹ ልጆች የጂኑ ለውጥ ከእናትም ከአባትም የተወረሰ ሳይሆን በልጁ ላይ አዲስ የመጣ ነው።

«መንፈስ ነው» ለሚሉሽ ማቴዎስ 4፥24ን አሳያቸው። አጋንንት ያደረባቸውና በጨረቃ የሚነሣባቸው፣ ማለትም የሚጥል በሽታ ያለባቸው፣ ለየብቻ ተቆጥረዋል። አዎ፣ ምዕራፍ 17 ላይ ያለው ልጅ ጋኔን ነበረበት፤ የሚወድቅ ሁሉ ግን እንደዚያ ነው ማለት አይደለም።

ያሉሽ መድኃኒት ዞሬቩነርሰን የሚባለው ከሆነ፣ በጀርባ በመርፌ ወደ አከርካሪ ፈሳሽ ነው የሚሰጠው። ኤስሲኤን1ኤ ከሚባለው ጂን ሁላችንም ሁለት ቅጂ አለን፤ በድራቬት ብዙ ጊዜ አንዱ ይበላሽና አንጎልን የሚያረጋጉት ሴሎች የሚፈልጉት ፕሮቲን ይጎድላል። መድኃኒቱ ጂኑን አይቆርጥም፣ አይቀይርም። ጤነኛው ቅጂ ፕሮቲኑን አብዝቶ እንዲሠራ ያግዘዋል። እግዚአብሔር የሰጣትን ማበርታት ነው እንጂ ሥራውን ማፍረስ ምኑ ላይ ነው? መጽሐፈ ሲራክ 38ም መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። ግን ገና ሙከራ ነው። ጉዳቱንም ጥቅሙንም ጠይቀሽ ወስኚ፤ «ይቅርብን» ብትዪም ኃጢአት የለበትም።

ጸበል ውሰጃት፣ በየቀኑ የምትወስደውን መድኃኒት ግን አንድም ቀን አታቋርጪ። በድንገት ሲቆም የሚመጣው የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊገድል ይችላል። አንድ ጸበል ቦታ አንዲት እናት የልጇን የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ፊኖባርቢታል፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ሰው እንዳያያት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስታስውጠው አይቻለሁ። ያ ቋጠሮ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ምን አጥፍታ ነው የምትደበቀው? አንቺ እንደዚያ አትሁኚ፤ ለካህኑ በግልጽ ንገሪው። የሙቀት ለውጥ ሊቀሰቅስባት ስለሚችል ብዙ አትዘፈቅ፣ መረጨቱም ጸበል ነው።

ሌላው፣ ዘመድ ለሌላ የሚጥል በሽታ ሕመምተኛ የታዘዘ ካርባማዘፒን የሚባል መድኃኒት ቢልክልሽ እንዳትሰጫት። ሌላውን የሚረዳው ይህ መድኃኒት ድራቬትን ያባብሳል፤ የጂን ምርመራው አንዱ ጥቅም ይህን ማሳወቁ ነው።

ስታቆርቢያት የጠዋቱ መድኃኒት ሰዓቱ እንዳያልፍ አስቀድመሽ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ። የክርስትና ስሟን ለብቻ ላኪልኝ፣ በቅዳሴ እናስባታለን።