ፊደል ማቅለም ለጠየቀኝ ልጅ

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ልጅ «ጋሼ፣ አይአርሲ ላይ እያንዳንዱን ፊደል በየቀለሙ የሚልክ ስክሪፕት እንዴት ልጻፍ?» አለኝ። ለማያውቀው፣ አይአርሲ በጽሑፍ የሚወራበት የቆየ የኢንተርኔት ቻት ነው፤ ስክሪፕት ደግሞ ሥራውን ስላንተ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም። ቀላል ነው። የኮንትሮልና የኬ (K) ቁልፎችን አብረህ ትጫንና ከ0 እስከ 15 ካሉት የቀለም ቁጥሮች አንዱን ታስከትላለህ፤ 4 ቀይ ነው፣ 3 አረንጓዴ። ስክሪፕቱ ይህንኑ ስላንተ ይደጋግመዋል። ሌላውን መመሪያው ላይ አንብበው። እናንተ መቼም መመሪያ ማንበብ ቅጣት ይመስላችኋል።

እኔን ግን ጥያቄው ሌላ ነገር አስታወሰኝ። ኢንተርኔት በስልክ መስመር በሚገባበት በዳያል አፕ ዘመን እዚሁ ማርቆስ አንድ ኢንተርኔት ካፌ እሠራ ነበር። በገበያ ቀን ከጎዛምን ቅቤ ይዘው የሚመጡ እናት ነበሩ። ልጃቸው ውጭ አገር ነው፤ ቻት ላይ እናገኘዋለን። እሳቸው ቆመው ይናገራሉ፣ ባልደረባዬ በላቲን ፊደል ይጽፋል። ያን ቀን ባልደረባዬ አዲስ የጻፈውን ስክሪፕት ሊያሳያቸው ፈለገ። ስክሪኑ በቀለም ሲሞላ እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። «የመስቀል አበባ አስመሰልኸው!» አሉት። ሰላምታው፣ የጎረቤቱ ወሬ፣ የላሚቱ መውለድ ሁሉ በአንድ መስመር ተጻፈ። መጨረሻው ላይ «እሑድ በአጎትህ ስልክ ደውል፣ የመሬቱን ነገር እንነጋገር» የሚል ነበረበት።

አልደወለም። በሚቀጥለው ገበያ መጥተው «ልቡ ተለውጧል» አሉና ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

ምክንያቱን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የአንድ አይአርሲ መልእክት ጣሪያ 512 ባይት (የኮምፒውተር መረጃ መለኪያ) ነው፣ ትእዛዙና የላኪው አድራሻ ጭምር። የላቲን ፊደል ለብቻው 1 ባይት ሲሆን ከቀለም ምልክቱና ከባለ ሁለት አሃዝ ቁጥሩ ጋር 4 ይሆናል። ስለዚህ መቶ ምናምን ፊደል ላይ ሲደርስ መልእክቱን የሚያስተላልፈው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ቀሪውን ቆርጦ ይጥለዋል፤ ላኪው ስክሪን ላይ ግን ሙሉው ይታያል። ይህን ልነግራቸው ብዬ ገበያውን ዞርኩት፤ ስማቸውን እንኳ እማማ ከማለት በቀር አላውቅም። በእኛ ፊደል ደግሞ የባሰ ነው፤ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል አጻጻፍ ኮድ አንዱ ፊደል 3 ባይት፣ ከነቀለሙ 6 ነው። 80 ፊደል ሳይሞላ ያልቃል።

እናም ቃል ቃሉን እንጂ ፊደል በፊደል አታቅልም። ቁጥሩን በሁለት አሃዝ፣ 04 ብለህ ጻፍ፤ በ4 ጀምረህ «5 ኪሎ» ብታስከትል 45 ተብሎ ይነበባል። አንዳንድ ቻናሎች (የውይይት ክፍሎች) ቀለም ጭራሽ ይከለክላሉ፤ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን የእንቁጣጣሽ ሰላምታ በአረንጓዴ፣ በቢጫ፣ በቀይ መላኬን እስካሁን አልተውኩም።

ስትጨርስ ላክልኝ። ርዝመቱን የሚቆጥር መስመር ከሌለው ግን አላየውም።